ሊቀ መንበሩ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዘው ወደ ዳንኪራ የዘመቱበት ዜና

ሊፍቱ በቆመ በሦስተኛው ዓመት፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ዘመን፣ በዕለተ እሑድ፣ ምሳ ተበልቶ ሳህኑ ገና ሳይታጠብ፣ የሕንፃችን ነዋሪዎች ሊቀ መንበር፣ ሥዩመ ኮሚቴ፣ ዐቃቤ ደረጃ፣ መጋቤ አምፖል፣ የቆሻሻ በርሜል ጠባቂና የአንቴና አስታራቂ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ በእጃቸው ይዘው ከሁለተኛ ፎቅ ተነሥተው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ወጥተውም ደረሱ። ጠላት በዛ ብለው አልተመለሱም፤ ደረጃው ጠበበ ብለው አላጉረመረሙም፤ ጉልበታቸው ግን ጥቂት አጉረመረመ።

ሊቀ መንበራችን ከመሾማቸው በፊት በገበያ የነጋዴን ሚዛን የሚመረምሩ ባለሥልጣን ነበሩ። እርሳቸው ከሩቅ ሲታዩ፣ ጣቱን ከሚዛኑ ሥር ያስገባ ነጋዴ ጣቱን ያወጣ፣ ያላስገባውም በድንጋጤ ሁለት ሽንኩርት ይመርቅ ነበር። ጡረታ በወጡም ጊዜ እርሳቸው ከሥራው ወጡ እንጂ ሥራው ከእርሳቸው አልወጣም፤ የዳቦን ክብደት በመዳፋቸው፣ የሰውን ነገር በቅንድባቸው ይመዝኑ ነበርና ሕዝቡ ጋሼ ሚዛን አላቸው፤ ፊት ለፊት በአክብሮት፣ ከኋላም በአክብሮት፣ የኋላው ላይ ግን ሳቅ ተመርቆበት።

የዚህም ዘመቻ መነሻ መሬት አልነበረም፤ ሚስት ናት ወይስ አይደለችም የሚለው ኋላ ይታያል። መነሻው አንዲት ቃል ናት፤ እርስዋም ዳንኪራ ናት።

ይህች ቃል በሕንፃችን ውስጥ ብዙ ሥራ ነበረባት። ልጅ ፍራሽ ላይ ሲዘል እናቱ "ዳንኪራህን አቁም" ትለዋለች። የድስት ክዳን በእንፋሎት ሲንጣጣ "ዳንኪራዋን ጀመረች" ይባላል። አርፍዶ ሥራ የገባ ሰው፣ ጥርሱን አሞት ሲቃትት ያደረ ቢሆን እንኳ፣ አለቃው "ሌሊቱን ዳንኪራ ስትረግጥ አድረህ" ይለዋል። ነገር ግን ማንም ይህችን ቃል ስለ ራሱ ሲናገርባት አልተሰማም። ሰው በገዛ ቤቱ ዘፈን ከፍቶ እስኪያልበው ቢዘል "ትንሽ ጨዋታ ነበረን" ይላል፤ የወንድሙን "ደስታ" ይለዋል፤ የወዳጁን "ጭፈራ" ይለዋል፤ ከላይ ቤት ያለውን ግን፣ ሁለት ሰው ቆሞ ቢያጨበጭብም፣ "ዳንኪራ" ይለዋል። በአንደኛ ፎቅ የሚኖረው ጡረተኛ ሾፌር፣ ከመናገሩ በፊት እጁን ነገሩ ወደሚታጠፍበት አቅጣጫ ስለሚዘረጋ ፍሬቻ የሚባለው፣ ይህን ሁሉ መርምሮ "ዳንኪራ ማለት ያልተጠራህበት ጭፈራ ነው" ብሎ ተረጎመ። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ተርጓሚዎች ብዙ አልጨመሩበትም።

በሁለተኛ ፎቅ የሊቀ መንበራችን ባለቤት ነበሩ፤ ሁሉ እትዬ የሚላቸው፣ ግንባራቸውን በነጭ ሻሽ ጥፍር አድርገው የሚያስሩ፣ "ራሴን" ካሉ ሕንፃው በሙሉ በጥፍሩ የሚሄድላቸው። እትዬ ከአልጋቸው ብዙ አይነሡም፤ ነገር ግን ረጅም የመጥረጊያ እንጨት ነበራቸውና አዋጃቸውን በእርሱ ወደ ጣሪያው ያውጁ ነበር። አንድ ምት "ቀስ በሉ" ነው። ሁለት ምት "ከታች ሰው አለ" ነው። ሦስት ምት "ጋሼን ልልክባችሁ ነው" ነው፤ ሦስተኛው ምት ተሰምቶ ሳያበቃ ጋሼ ጫማቸውን እያጠለቁ ናቸው። ከላይ ያለው ዘፈን ዘገም ሲል መጥረጊያው ዝም የሚለው፣ ሲፈጥን ብቻ የሚነሣው ለምን እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። የታመመ ሰው አይመረመርም።

በሦስተኛ ፎቅ፣ ልክ ከእትዬ ራስጌ በላይ፣ ልብስ ሰፊዋና ታናሽ እህቷ ይኖራሉ። ልብስ ሰፊዋ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አላት፤ እርስዋ ስትረግጥ ከታች የእትዬ መብራት በገመዱ ላይ ይወዛወዛል። ስለዚህም ሊቀ መንበራችን አስቀድሞ ሥራዋን ዳንኪራ ብለው ከሰሷት፤ ሱሪያቸውን ልታሳጥርላቸው በሰጧት ዕለት ግን "እሱስ ሥራ ነው" ብለው አዋጁን አሻሻሉ።

ታናሽየዋ እግሯ መሬት የማይነካ ልጅ ነበረች፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ትወጣ፣ እያፏጨች ትወርድ ነበር። ሊፍቱ በቆመ በሁለተኛው ዓመት ጀሪካን ተሸክማ ስትወጣ፣ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ያለው፣ ጠርዙ የተሰበረው ደረጃ ጣላት። ያን ደረጃ ኮሚቴው "እየታየ ነው" ብሎት ነበር፤ እውነትም ይታይ ነበር፤ ሁሉ እያየው ያልፍ ነበርና። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ብረት ገባበት፤ ዓመት ሙሉ ተኛች። ከዚያ በኋላ ሊቀ መንበራችን ሲሚንቶ በባልዲ አስመጥተው ማንንም ሳያዙ ደረጃውን በገዛ እጃቸው ለጠፉት፤ በዚያ ባለፉ ቁጥር ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። ግድግዳው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

በዚህም በሦስተኛው ዓመት ሐኪሙ ብረቱን አወጣና "እንግዲህ ርገጪ" አላት። እርስዋም ረገጠች። መጀመሪያ በክራንች፣ ቀጥሎ ግድግዳ ይዛ፣ ቀጥሎም የእህቷን ክንድ ይዛ ረገጠች። በአልጋዋ ላይ ሳለች የተሳለችው ነገር ነበርና፣ ልብስ ሰፊዋ ወደ ደረጃው ወጥታ፣ መለኪያ ሜትሯን በአንገቷ እንደ ኒሻን አንጠልጥላ፣ እንዲህ ስትል አወጀች፦

"ጎረቤት ሆይ ስሙ! እሑድ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ዳንኪራ አለ! ጨዋታ አይደለም፣ ስብሰባ አይደለም፣ ዳንኪራ ነው! እህቴ ዓመቱን ሙሉ ጣሪያ ላይ ዓይኗን ተክላ፣ 'እታለም፣ እግሬ ከዳነልኝ ሰው ጠርቼ ዳንኪራ ነው የምረግጠው' ስትለኝ ኖራለች። እኔም 'እሺ የኔ ቆንጆ' ስላት ኖሬያለሁ። ያ እሺታዬ አሁን ደርሷል። ወንበር ያለው ወንበሩን ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ቆሞ ይጨፍር፣ እሱ ነው የሚሻለው!"

በዚህ ጊዜ ሕንፃው ደነገጠ። በምድር ቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ እርሱ ራሱ መላጣ የሆነው፣ ምላጩን በደንበኛው ጉንጭ ላይ እንደያዘ ቀረ። የድንጋጤው ምክንያት ድግሱ አልነበረም፤ ድግስማ በየወሩ ነበር፤ አንዱ "የሒሳብ ስብሰባ" ብሎ፣ ሌላው "ዕቃ እያዘዋወርን ነው" ብሎ እስኪመሽ የሚዘልበት ሕንፃ ነው። ሰው የገዛ ድግሱን ዳንኪራ ብሎ ሲጠራ ግን ከመሠረቱ ጀምሮ አልተሰማም።

እትዬም ሦስት ጊዜ መቱ።

ሊቀ መንበራችንም ጫማቸውን አጥልቀው፣ ኮታቸውን ደርበው፣ ከደረጃው መካከል ቆመው አወጁ፦

"ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህም ለጎረቤትህ አሰማ! በዚህ ሕንፃ ጨዋታ የተፈቀደ ነው፤ ጭፈራም በመጠኑ። ዳንኪራ ግን ክልክል ነው፤ ባለቤቴን ራሷን ያማታል። ይህን ተላልፎ የተገኘ የደረጃ መጥረግ ተራው እጥፍ ይሆናል!"

ነገር ግን ጭፈራ የት ላይ አብቅቶ ዳንኪራ የት ላይ እንደሚጀምር በአዋጁ አልተጻፈም ነበርና፣ በፀጉር ቤቱ ጉባኤ ተደረገ። ጉባኤተኞቹም ሦስት ነበሩ፤ ሊቀ መንበራችን በሚሽከረከረው ወንበር ላይ፣ ፍሬቻ በተራ መጠበቂያው፣ ፀጉር አስተካካዩም ቆሞ። ፀጉር አስተካካዩ "ላብ ካመጣ ዳንኪራ ነው" ብሎ ፈረደ፤ ነገር ግን የበጋ ወራት ስለ ነበረ ሦስቱም ቁጭ ብለው ያልባቸው ነበርና ፍርዱ ተሻረ። ፍሬቻ እጁን ወደ ቀኝ ዘርግቶ፣ "እኔ ተጠርቻለሁ፤ ስለዚህ ለእኔ ዳንኪራ አይደለም፤ ጋሼ እርስዎም ከተጠሩ ለእርስዎም አይደለም፤ ምንድን ነው ጭቅጭቁ?" አለ። በመጨረሻም ሊቀ መንበራችን በወንበሩ ላይ አንድ ዙር ዞረው ሲመለሱ እንዲህ ሲሉ ደነገጉ፦

"በዓለም ላይ መለኪያ የሌለው ነገር የለም! ከወገብ በላይ የሆነው ሁሉ ጭፈራ ነው፤ ከወገብ በታች የሆነው ሁሉ ዳንኪራ ነው። ምስክሩም ውኃ ነው። ብርጭቆ እስከ አፉ ተሞልቶ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ውኃው ቢንቀጠቀጥ ጭፈራ ነው፣ ይቀጥል፤ ጠብ ቢል ግን ዳንኪራ ነው፣ ይበተን። ብርጭቆውንም የምጠብቀው እኔ ራሴ ነኝ!"

ይህ ድንጋጌ ወደ ላይ በደረሰ ጊዜ ታናሽየዋ የደረጃውን ብረት ተደግፋ ወጣች። ድምፅዋም እስከ ምድር ቤት ወረደ፦

"ጋሼ! ከወገብ በላይማ ዓመቱን ሙሉ ስጨፍር ነው የኖርኩት፣ አልጋ ላይ ተጋድሜ! ትከሻዬ ጠግቧል። ያልጨፈረው እግሬ ነው!"

ሊቀ መንበራችን ወደ ላይ ቀና አላሉም። ግድግዳውን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ የወጣ አዋጅ አይገባም ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። እትዬ ይህን ሁሉ ከአልጋቸው ሰምተው ነበር፤ ሻሻቸውንም አንድ ዙር ጨመሩበት።

እንግዲህ ዕለቱ በደረሰ ጊዜ የሆነው ይህ ነው። ሊቀ መንበራችን ብርጭቆውን በቤታቸው ሞሉ፤ ዳኛ የሌላ ሰው ውኃ ይዞ አይፈርድምና። ፀጉር አስተካካዩ ነጭ ፎጣ በትከሻው ጥሎ ቀደመ። ከእርሱ ቀጥሎ ሊቀ መንበራችን፣ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ከአገጫቸው በታች ይዘው፣ ዓይናቸውን ከውኃው ሳይነቅሉ ተከተሉ። ከኋላቸውም ስፒከሩን በብብቱ የያዘው ፍሬቻ፣ ከፍሬቻም በኋላ ወንበር የተሸከሙ፣ ብስኩት የያዙ፣ ምንም ሳይዙ ምላሳቸውን ብቻ የያዙ ጎረቤቶች ነበሩ። ሊቀ መንበራችን የሚረግጡትን ማየት ስላልቻሉ ፍሬቻ እንደ ከባድ መኪና ይመራቸው ጀመር፤ በየመታጠፊያውም ያውጅ ነበር፦

"ይምጡ… ይምጡ… ግራዎን ይያዙ! አሁን ጠርዝ አለ! ቀስ! እዚህ ጋ ፍሬን! ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ኋላ… በቃ! ቀጥ ይበሉ!"

በተለጠፈው ደረጃ አጠገብ ሲደርሱ ግን ፍሬቻ መምራቱን ተወ። ሊቀ መንበራችንም ቆሙ። ውኃው በብርጭቆው አፍ ላይ ወዲህና ወዲያ አለ። ከዚያ እግራቸውን ከፍ አድርገው ያን ደረጃ ሳይረግጡ ተሻገሩት፤ አንዲትም ጠብታ አልወደቀችም። ሕዝቡም "እሰይ!" አለ፤ ከፊሉ ከልቡ፣ ከፊሉ ወንበሩ ከብዶት ቶሎ እንዲያልፉለት።

ብርጭቆው በስፌት ጠረጴዛው ላይ፣ በሁሉ መካከል ተቀመጠ። ሊቀ መንበራችንም ከአጠገቡ ተቀመጡ። ፍሬቻ ዘፈኑን ከፈተ።

ያን ጊዜ ምድር አይታው የማታውቀው ጭፈራ ሆነ። ሕዝቡ እግሩን በወለሉ ላይ በምስማር እንደ ተመታ ተክሎ፣ ከወገቡ በላይ ብቻ ጨፈረ። አንገት ተመታ፤ ትከሻ ተነቀነቀ፤ ቅንድብ ሳይቀር ዘመተ። ፍሬቻ ቁጭ ብሎ በሌለ መሪ ላይ ተጠማዘዘ፤ በየመሐሉም ማርሽ ይቀይር ነበር። ፀጉር አስተካካዩ በሁለት ጣቱ አየሩን ከረከመ። አንዲት ወፍራም ጎረቤት ከወገቧ በላይ ያለው ከወገቧ በታች ያለውን ይዞት እንዳይሄድ በር ጨብጣ ጨፈረች። ልብስ ሰፊዋ በስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ባዶ ጨርቅ በዘፈኑ ልክ ትረግጥ ጀመር፤ ሊቀ መንበራችን ቅንድባቸውን ባነሡባት ጊዜም "ሥራ ነው ጋሼ፤ እርስዎ ነዎት ያሉት!" ብላ አወጀችና አለፏት። ውኃው ተንቀጠቀጠ፤ በአፉ ላይ እንደ ጉልላት አበጠ፤ አልፈሰሰም። ሕጉ ጸና።

ታናሽየዋ ብቻ አልጨፈረችም። ለበዓሏ የተሰፋላትን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ የዳነ እግሯን ወደ ፊት ዘርግታ፣ እጇን አጣምራ በወንበሯ ተቀምጣ ነበር። ትከሻዋን አላነቃነቀችም። የምታየው ብርጭቆውን ነበር። ሊቀ መንበራችንም ብርጭቆውን ያዩ ነበር፤ ሁለቱም እዚያው እያዩ ዓይን ለዓይን ሳይገናኙ ቆዩ።

አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲገባ፣ እርሱም ፈጣኑ ሲሆን፣ ከወለሉ በታች መጥረጊያው ተመታ።

ሁሉም ትከሻው በተነሣበት ቀረ። ፍሬቻ ስፒከሩን ዘጋ። ሊቀ መንበራችንም እንደ ልማዳቸው ወደ ጫማቸው ጎንበስ አሉ፤ ጫማቸው ግን በእግራቸው ነበር። ሁሉም ይቆጥር ጀመር። አንድ ተመታ። ሁለት ተመታ። ሦስት ተመታ። በዚህ ያቆማል ሲባል አራት ተመታ፤ አምስተኛው ፈጥኖ መጣ፤ ስድስተኛው ትንሽ ዘገየና ሰባተኛው ደረሰበት። ዘፈኑ ቆሟል፤ መጥረጊያው ግን ዘፈኑ ከተወበት ቦታ አንሥቶ፣ አንድ ምት ሳይዘል፣ መታጠፊያውን ሳይስት፣ ብቻውን ይሄድ ነበር።

"የውኃ ቱቦ ነው" ሲል ፀጉር አስተካካዩ አወጀ፤ ሌላ የሚለው ስላልነበረው።

ቱቦውም ወደ አዝማቹ ገባ።

በዚያች ሰዓት ታናሽየዋ ወንበሯን ይዛ ተነሣች። ልብስ ሰፊዋ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች፤ እርስዋ ግን ራሷን ነቀነቀችባት። የዳነ እግሯን ከወለሉ አነሣች። እስከ ጉልበቷ አነሣችው። ውኃው በብርጭቆው አፍ ላይ አብጦ ይጠብቃል፤ ሕዝቡም ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ከታችም ምቱ ይጠራታል።

ያን ጊዜ ሊቀ መንበራችን፣ ዐቃቤ ደረጃ፣ መጋቤ አምፖል፣ ብርጭቆውን አነሡ። አነሡና ጠጡት። በአንድ ትንፋሽ፣ እስከ ሥሩ፣ ጉሮሯቸው እየወጣ እየወረደ ጠጡት። ከፀጉር አስተካካዩ ትከሻ ፎጣውን ስበው አፋቸውን ጠረጉ። ባዶውንም ብርጭቆ በአፉ ደፍተው በጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ ከአዋጆቻቸው ሁሉ አጭሩን አወጁ፦

"የፈሰሰ ውኃ የለም!"

እግሯም ወረደ። ወለሉ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ማን ይተርካል? ፍሬቻ መሪውን ለቀቀ፤ ወፍራሟ ጎረቤት በሩን ለቀቀች፤ ልብስ ሰፊዋ እህቷ ስትረግጥ አይታ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ረገጠች፤ ታናሽየዋም ላብ እስኪያጠምቃት፣ ስትደክም በአንድ እግሯ፣ ስትበረታ በሁለቱም ረገጠች። ሊቀ መንበራችን ግን ከወንበራቸው አልተነሡም፤ የወረደውን እግር ሁሉ ባዶው ብርጭቆ ሲዘል አይተው መዘገቡ እንጂ። የቀኝ ጫማቸው ጫፍ ተንቀሳቅሷል የሚሉ አሉ፤ እርሱንም አላስተባበሉም።

ስለዚህ እርሳቸውን ማን ይመስላቸዋል? ሌሎች ጀግኖች ውኃ ያፈስሳሉ፤ እርሳቸው ጠጡ። ሌሎች አዋጅ ይሽራሉ፤ እርሳቸው አዋጁን ሳይሽሩ መለኪያውን ዋጡት። ሙሉ ብርጭቆ ይዘው የወጡ፣ ባዶ ብርጭቆ ይዘው የወረዱ፣ በሁለቱም መንገድ አንዲት ጠብታ ያልጣሉ፣ ሲወርዱም ያን የተለጠፈ ደረጃ በሙሉ እግራቸው የረገጡ፣ ወደ ግድግዳም ያልዞሩ እርሳቸው ናቸው። ሕንፃችን ቆሞ እስካለ ድረስ፣ ሊፍቱም ቆሞ እስካለ ድረስ፣ ስማቸው በየፎቁ ይጠራ!

ወደ ቤታቸውም በገቡ ጊዜ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። የመካከለኛው ምንጣፍ ተጠቅልሎ በግድግዳው ተደግፏል፤ ጠረጴዛውም ወደ ጥግ ተገፍቷል። እትዬ ሻሻቸውን ጥፍር አድርገው አስረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል፤ በጣም ተስቦ ስለ ነበር ግን ከእግርጌ በኩል አጥሮ፣ ዘለበቱ እስከ መጨረሻው የታሰረ ባለ ተረከዝ ጫማ ወጥቷል። ሊቀ መንበራችንም ባዶውን ብርጭቆ ቀስ ብለው አስቀመጡ፤ ጎንበስ ብለው ጫማውን በብርድ ልብሱ ጫፍ ሸፈኑት፤ ምንጣፉንም ሳይዘረጉት መብራቱን አጠፉ።